«የት ተጫወቱ?» ብቻ አይበቃም
(ከሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ)

የኪነ ጥበብ ዜና የሚከታተል ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃታል፦ «ታዋቂው ሙዚቀኛ በአውሮፓና በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች የተሳካ የኮንሰርት ጉዞ አድርጎ ወደ አገሩ ተመለሰ።» ቀጥሎ ከተሞቹ ይዘረዘራሉ። ከዚያ «የአገራችንን ባህል ለዓለም አስተዋውቋል» ይባላል። አለቀ። የዜና አጻጻፍ ኮርስ ስንጀምር ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት የተባሉ ስድስት ጥያቄዎች ተምረናል። የሙዚቀኛ ጉዞ ላይ ስንደርስ ግን «የት» አምስቱን ወንድሞቹን በልቶ ብቻውን ቁጭ ይላል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ልከራከር የምፈልገው በዚህ ነገር ላይ ነው። የሙዚቀኛ የጉዞ ወቅት የሥራ ወቅት ነው፤ እኛ ግን እንደ ሽርሽር እንዘግበዋለን። እንደ ሽርሽር በመዘገባችንም ውጭ አገር የተደረገው ሁሉ ትልቅ፣ አገር ቤት የተደረገው ሁሉ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። የሚጎዳውም ሙዚቀኛው ብቻ አይደለም፤ አገር ቤት ያለው አድማጭም ነው።

ነገሩ የሚያንገበግበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። አምባሰል ለእኔ ሁለት ነገር ነው፤ ተራራም ነው፣ ቅኝትም ነው። በማሲንቆ ሰምቼዋለሁ፣ በክራር ሰምቼዋለሁ፣ ሠርግ ቤት ሰምቼዋለሁ። በፒያኖ የሰማሁት ግን ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ ነው፣ ያውም ከዶርም ጓደኛዬ ስልክ። የፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ሥራ ነበር፤ ርዕሱም «አምባሰል» ነው። ሥራው የተካተተበት አልበም እ.ኤ.አ. በ2014 አንሲን ወርልድስ በተባለ የአሜሪካ አሳታሚ ነው የወጣው። በአልበሙ ላይ «ሰመመን»፣ «ጨዋታ»፣ «እልልታ» የተሰኙ ሥራዎችም አሉ፤ በእንግሊዝኛ ርዕሱ ባለዋሽንቱ እረኛ የተባለም አለ። ርዕሶቹን ብቻ ያየ ሰው የኛው ቤት ጨዋታ መሆናቸውን ያውቃል። ታዲያ የሠፈሬ ተራራ ስም የተሰጠው ሙዚቃ አሜሪካን አገር ዞሮ በስልክ እስኪደርሰኝ ድረስ ማንም አልነገረኝም! የነገረኝ ዜና ቢኖር «በውጭ አገር ተጫወቱ» የሚለው ብቻ ነው።

እስቲ «ምን» ከሚለው እንጀምር። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የክላሲካል ሙዚቃ ወቅት የሚከፈተው በእኛ እንቁጣጣሽና መስቀል አካባቢ ነው፤ እስከ ግንቦት፣ ሰኔ ይዘልቃል። አዳራሾችና ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኛውን የሚቀጥሩት ከአንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ዛሬ ማታ የሚሰማው ሥራ አምና ወይም ካቻምና የተፈረመ ውል ነው ማለት ነው። አድማጩ የሚያየው ሁለት ሰዓት የማይሞላ ምሽት ነው። ከምሽቱ በስተጀርባ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ድምፆችን በቃል መያዝ አለ፤ በየቀኑ ለሰዓታት መለማመድ አለ። ከኦርኬስትራ ጋር ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ልምምድ ብቻ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር መግባባት ያስፈልጋል። በአውሮፕላን ማረፊያ ማደር፣ ባዕድ አልጋ ላይ መተኛት፣ በማግሥቱ ደግሞ እጅ ሳይንቀጠቀጥ መቀመጥ ያው ይታወቃል። «የተሳካ ጉዞ» የምትለው ሐረግ ይህን ሁሉ ሸፍና ታልፋለች።

የፒያኖ ተጫዋች ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ማሲንቆውን በትከሻው ይዞ ይሄዳል። ቫዮሊን የሚጫወትም ሳጥኑን ከእጁ አይለይም። ፒያኖ ግን 88 ቁልፍና ከ200 በላይ ክር ያለው፣ ክሮቹ በድምሩ ወደ 20 ቶን በሚጠጋ ኃይል የተወጠሩ ግዙፍ ዕቃ ነው። ትልቁ የኮንሰርት ፒያኖ 2 ሜትር ከ70 ገደማ ይረዝማል፤ ግማሽ ቶን ሊሞላ ምንም አይቀረው። የራሱን ፒያኖ ይዞ በመጓዝ የሚታወቀው እንደ ፖላንዳዊው ክሪስቲያን ዚመርማን ያለ ጥቂት ሰው ነው። ሌላው በየከተማው የሚጠብቀውን ፒያኖ ይጫወታል። የአንዱ ቁልፍ ይከብዳል፣ የሌላው ይቀላል፤ አንዱ አዳራሽ ድምፁን ይውጠዋል፣ ሌላው ያስተጋባዋል። ተጫዋቹ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ተላምዶ፣ ማታ የልብ ጓደኛው እንደሆነ አድርጎ መጫወት አለበት። በአንድ ወር ውስጥ አሥር ከተማ የዞረ ፒያኒስት ከአሥር እንግዳ ጋር ተዋውቆ ተለያይቷል። በዜናችን ውስጥ ግን አሥር ከተማ ማለት አሥር ድል ብቻ ነው።

ወደ ግርማ ልመለስ። ፒያኒስቱ እ.ኤ.አ. በ1967 አዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው የሚያውቁት መሣሪያ ክራር ነበር። ፒያኖን ያገኙት በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ይህ ለክላሲካል ፒያኒስት በጣም ዘግይቶ መጀመር ነው፤ በሌላው ዓለም ልጆች በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ይጀምራሉ። ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ተላኩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የምሥራቅ አውሮፓ ሥርዓት ሲፈርስ ትምህርታቸው ተቋረጠ፤ ወደ ጣሊያን ሄዱ፤ ሰው ረድቷቸው ተመልሰው ጨረሱ። አገር ቤት ገብተውም በተማሩበት ያሬድ ለዓመታት አስተማሩ። ከዚያ በኋላ በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ተጫውተዋል።

ይህን የሕይወት ታሪክ ብዙ ሰው ጽፎታል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ግርማ ሾፓንን፣ ሹማንንና የመሳሰሉትን ከራሳቸው ኢትዮጵያዊ ድርሰቶች ጋር አጣምረው ያቀርባሉ። አስቡት፤ ይህ አንድ ፕሮግራም በሁለት ቦታ ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል። ኒውዮርክ ውስጥ አድማጩ ሾፓንን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ግር የሚለው «አምባሰል» ነው። ደሴ ላይ ቢሆን ደግሞ እናቴ «አምባሰል»ን በመጀመሪያዎቹ ድምፆች ትለየዋለች፤ ግር የሚላት ሾፓን ነው። እዚያ እንግዳው የኛ ነው፤ እዚህ እንግዳው የነሱ ነው። ስለዚህ የውጭ ጉዞና የአገር ቤት ጉዞ የአንድ ሥራ ትልቅና ትንሽ አይደሉም፤ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጨርስ ዜና አንዱንም አልዘገበም።

በነገራችን ላይ «እንዴት» የሚለው ጥያቄም እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ሲሻገር ክሩን ያጠብቃል፣ ያላላል፤ መሣሪያው ከቅኝቱ ጋር ይለወጣል። ፒያኖ ላይ ግን ይህ አይሆንም። ቃኚው ጠዋት ቃኝቶ የሄደውን ተጫዋቹ ማታ አይነካውም። ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች መካከል የቅኝቱን አምስት ድምፆች መርጦ፣ የክራሩን ትርታና የዋሽንቱን ትንፋሽ በመዶሻ በሚመታ ክር ማስመሰል አለበት። ዋሽንት ድምፁን ይስባል፣ ያወዛውዛል፤ የፒያኖ ድምፅ ግን ከተመታ ጀምሮ እየሞተ ነው የሚሄደው። ይህ ሁሉ የሚዘገብ ጉዳይ ነው። አንባቢው ሙዚቃ ባይማርም ክራር ሲቃኝ አይቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

አሁን ወደ አገር ቤት ጉዞ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ኮንሰርት ልስጥ የሚል ፒያኒስት የሚገጥመውን እናስብ። በመጀመሪያ ፒያኖ ያለው አዳራሽ ማግኘት አለበት። ቢያገኝ የተቃኘ መሆን አለበት፤ ፒያኖ የእንጨትና የብረት ሥራ ስለሆነ እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቁበት ቅኝቱ ይወርዳል፣ ይዛባል። ካልተቃኘ ቃኚ ይዞ መሄድ ነው። ፒያኖውን ከአዲስ አበባ እንውሰድ ካልን ደግሞ ግማሽ ቶን ዕቃ በጭነት መኪና አሳፍሮ የጣርማበርን ቁልቁለት ማውረድ ነው። ደርሶ ሲወርድ እንደገና ይቃኛል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የመግቢያው ዋጋ የነዳጁን አይመልስም።

ይቻላል ወይ ለሚለኝ አንድ ሰው ልጥቀስ። ስቪያቶስላቭ ሪክተር የሶቪየት ኅብረት ታላቅ ፒያኒስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት ጋዜጣው ሁሉ ስለሱ ጻፈ። ዓለም የሚያውቀው በዚያ ነው። እኔን ግን የሚማርከኝ እ.ኤ.አ. በ1986 ያደረገው ነው። በ71 ዓመቱ በሳይቤሪያ በኩል እስከ ጃፓን ዘልቆ ተመለሰ፤ በመንገዱ ላይ ኮንሰርት አዳራሽ እንኳ በሌላቸው ትንንሽ ከተሞች ሳይቀር ተጫወተ። በዚያ ጉዞ ያቀረባቸው ኮንሰርቶች 150 ገደማ እንደነበሩ ይነገራል። ፓሪስም ለንደንም እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ሰው፣ በስተርጅና የአገሩን ጭቃ መርጦ ሄደ። ያን ጊዜ ከኋላው የመንግሥት ድጋፍና ጥሩ ፒያኖ ነበረው፤ ይህን አልክድም። ቢሆንም ሙዚቀኛው «ትንሽ ከተማ» ብሎ አለመናቁ ነው ቁም ነገሩ።

ይህን ሐሳብ ለክፍል ጓደኞቼ ሳነሳ ሁለት መልስ አገኘሁ። አንደኛው፣ «ሙዚቀኛውም ይበላል እኮ! ውጭ ሄዶ ካልሠራ በምን ይኖራል?» የሚል ነው። እውነት ነው። እኔም ማንንም ሙዚቀኛ ለምን ውጭ ሄድክ ብዬ አልወቅስም። የውጭው ገቢ የአገር ቤቱን ሥራ ይደጉም ይሆናል። ወቀሳዬ እኛ ላይ ነው፣ ዘጋቢ ነን በምንለው። አገር ቤት የተደረገን ኮንሰርት ማንም ካልጻፈለት ስፖንሰር አያየውም፣ አዘጋጅ አይደፍረውም፣ የክልል ከተማ ባህል ቢሮም «ለምን እኛ ጋ አይመጣም?» ብሎ አይጠይቅም። ዜናው የሚከተለው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ገንዘቡም ዜናውን ይከተላል።

ሁለተኛው መልስ ጠንከር ይላል። «ክላሲካል የነሱ ነው፤ ሕዝቡ ስንት ችግር እያለበት ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል?» ይሉኛል። እስቲ በጥሞና እንየው። ዝም ብሎ ለረጅም ሰዓት መስማት ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነው? ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማሕሌት የሚሰማ ሕዝብ ነው እኮ! በገና ሲደረደር ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥ ሕዝብ ነው። በርግጥ ልማዳችን ይለያል፤ ከአዝማሪ ጋር እንመላለሳለን፣ ደስ ሲለን እልል እንላለን፣ መሐል ላይ እናጨበጭባለን። ይህ አለማወቅ አይደለም፤ ሌላ የመስማት ሥርዓት ነው። ምናልባትም «እልልታ» የተባለ ሥራ ሲሰማ እልል የሚል አዳራሽ ሙዚቀኛው ውጭ አገር የማያገኘው ነገር ነው። ችግር ስላለብን አንሰማም የሚለውን ግን ጨርሶ አልቀበለውም። የሚያዝን ሰው ሙዚቃ ያንሰዋል ብሎ ማን ወሰነልን?

አንድ ነገር ልጨምር። የጉዞ ብዛት የሙዚቀኛ ሚዛን ቢሆን ኖሮ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ዓለም አያውቃቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ ካይሮም ሄደው ሙዚቃን አጥንተው፣ የመድረክ ሕይወት ሊጀምሩ ሲገባ ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ። ግሸን እዚያው አምባሰል ነው፤ ከእኛ ከተማ በላይ። ቀሪ ዘመናቸውን ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም አሳለፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 እዚያው አረፉ። የኮንሰርት ጉዞ ኑሯቸው አልነበረም። የፒያኖ ሥራቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮፒክስ ተከታታይ 21ኛ አልበም ሆኖ ሲወጣ ዓለምን ዞረ። ሰውየው ፍራንዝ ሊስት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1847 አውሮፓን አቋርጦ እስከ ኢስታንቡል ድረስ ከሺህ በላይ ኮንሰርት ሰጥቷል። ግን እሱም ቢሆን የሚታወሰው በከተሞቹ ቁጥር አይደለም። አንድ ፒያኒስት ብቻውን ምሽቱን ሙሉ መድረክ ይዞ የሚጫወትበትን ልማድ ያጸናው እሱ ስለሆነ ነው። በ35 ዓመቱ፣ ገና በጉልበቱ ሳለ፣ ለክፍያ መዞሩን ተወው። ምን ለማለት ነው? በአንዷም ታሪክ በሌላውም ታሪክ ውስጥ «የት» መልስ አልሰጠንም። መልስ የሚሰጠን «ምን» እና «እንዴት» ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ ተማሪዎች ነን፤ ቴአትር ቤት አንሠራም፣ ፒያኖ አንገዛም። ብዕርና መቅረጫ ግን አለን። ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን ልጆች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሙዚቀኛ ከጉዞ ሲመለስ ከአገሮቹ ዝርዝር በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦ ምን ተጫወትክ? ለምን እሱን መረጥክ? ፒያኖው እንዴት ነበር? ልምምዱ ስንት ቀን ወሰደ? አድማጩ የቱ ላይ ዝም አለ፣ የቱ ላይ ተነቃነቀ? ይህንኑ አገርህ ውስጥ የት የት አቀረብከው? ካላቀረብከው ምን ከለከለህ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብቻዋን አንድ ሙሉ ፊቸር ይወጣታል።

ከዚያ ደግሞ ቦሌ ላይ እቅፍ አበባ ይዘን ከመጠበቅ፣ እዚሁ አዲስ አበባ የሚደረገውን ኮንሰርት ሄደን እንየው። ሲጀመር ብቻ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ ቃኚው ፒያኖው ሥር ጎንበስ ብሎ ሲሠራ እንድረስ። ከቃኚው ጋር ቃለ ምልልስ የሠራ የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪ አለ ወይ? ስለ ሙዚቃ ብዙ ስለማናውቅ ከያሬድ ተማሪዎች ጋር ተጣምረን መጻፍም እንችላለን፤ እነሱ ጆሮውን ያምጡ፣ እኛ ብዕሩን። ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድም በየከተማችን ያለውን አዳራሽ እንጎብኝ፤ ፒያኖ አለው? ይሠራል? የመጨረሻው ኮንሰርት መቼ ነበር? ከየከተማው የመጣን ልጆች አለን፤ መልሱን አሰባስበን በዚህ ቡለቲን ብናወጣው፣ አገር ቤት ልዙር ለሚል ሙዚቀኛ የመጀመሪያው ካርታ ይሆነዋል።

አበው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። ሙዚቀኛው ሠርቷል፤ ከአምባሰል ቅኝት ተነሥቶ እስከ ውቅያኖስ ማዶ ደርሷል። የመመለሻውን መንገድ መዘገብ የኛ ፋንታ ነው። የደሴውን አዳራሽ እኔ በፋሲካ እረፍት አያለሁ፤ ያገኘሁትን ለዝግጅት ክፍሉ አስረክባለሁ። የሌላውን ከተማ የምትወስዱ እጃችሁን አውጡ።